የልጆች ሸርተቴ፦ ዳገቱን ትተን ግርጌውን እንፈልግ (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች። በማኅበራችን ባለፈው ስብሰባ የተነሳው የልጆች ሸርተቴ ጉዳይ ቀዝቅዞ ሳይቀር እዚሁ እንጨርሰው። ለምንመርጠው መናፈሻ አስተዳደር የአንድ ገጽ ማመልከቻ እናስገባለን ተባብለናል። የምንፈልገው መሃል ከተማ፣ ከአራት ኪሎ ብዙ ሳይርቅ፣ ሳር የለበሰ ተዳፋት ነው። ቶሮንቶ ያለው ወንድማችን ልጆቹ በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ የሚያሳየውን ቪዲዮ ከላከልን ወዲህ የብሎኩ ሕፃናት አላስቀምጥ ብለውናል። ቦታ የምታውቁ ጻፉ።

የብሎክ 7 እናት
በረዶ ከየት ሊመጣ ነው? እኛ ጋ በረዶ ማለት ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው። ግቢው ነጭ ቢሆን እንኳ ልጅ ጫማውን አጥልቆ እስኪወጣ ቀልጦ ጎርፍ ይሆናል። ሳሩ ይሻላል። ለምን ወዳጅነት ፓርክ አይሆንም? ንጹሕ ነው፣ ጥበቃም አለው።

ቲቸር
መግቢያው ይከፈላል እኮ እህቴ። 30 ልጅ፣ 30 ወላጅ፣ አስቢው። ደግሞ ሰው ሰራሽ ሐይቁ አለ። ልጅ ቁልቁል ለቅቄ መጨረሻው ውሃ ከሆነ እኔ የለሁበትም። አንድነት ፓርክም እንደዚያው፣ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ በማዳበሪያ ተንሸራተቱ የሚል ማመልከቻ ማን ይፈርማል?

ጋሼ
እኛ ቀበና ስናድግ ፈቃድ የሚባል ነገር አልነበረም። ማዳበሪያ ላይ ቁጭ፣ እግር ወደፊት፣ ሂድ! ቁልቁለቱ ድንቅ ነበር። ችግሩ ወንዙ ነው። ፍሬናችን ቁጥቋጦው ነበር፣ ቁጥቋጦው ያላስቆመው ደግሞ ቀበና ወንዝ ውስጥ ይገባል። አንዱ ጓደኛችን እንደዚያ ገብቶ ጫማውን ውሃ ወሰደበት። ከወንዙ ይልቅ እናቱን ፈርቶ እስኪመሽ ቤት አልገባም።

ባለሱቁ
ጃንሜዳስ?

ቲቸር
ጃንሜዳ ሜዳ ነው ወንድሜ፣ ስሙ ላይ አለ። መስቀል አደባባይም ከፍታ አለው እንዳትሉኝ፣ ደረጃ ነው፣ ሯጮቹ ጠዋት ጠዋት የሚመላለሱበት። እንጦጦ ደግሞ ቁልቁለት ሞልቶታል፣ ግን በየሁለት እርምጃው ባሕር ዛፍ ነው፣ ለዚያውም ሩቅ ነው። ኢትዮ ኩባ ወዳጅነት መናፈሻን ያሰበ ካለ እኔ እቃወማለሁ። የተሰዉ ወታደሮች መታሰቢያ ነው፣ ልጆች የሚጮሁበት ቦታ አይደለም።

እኔ ቅዳሜ ስዞር ያየሁትን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ዳገት አላጣችም። ያጣነው ግርጌ ነው። የቁልቁለቱ ሁሉ መጨረሻ ወይ ወንዝ፣ ወይ አስፋልት፣ ወይ የግንብ አጥር ነው። ስለዚህ ፍለጋውን ከላይ ሳይሆን ከታች እንጀምር። መጀመሪያ ቢያንስ 10 ሜትር ነጻ የሆነ ለጥ ያለ ሳር እናግኝ፣ ከዚያ ቀና ብለን ከላዩ ተዳፋት እንዳለው እንይ።

ከቶሮንቶ
ቲቸር እውነት ብለሃል። እዚህም ጭቅጭቁ እሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከተማው 45 ኮረብታዎች ላይ መንሸራተት ሲከለክል ወላጅ ሁሉ ተቆጣ። ሌሎቹ ላይ ግን ተፈቅዷል። እኛ የምንሄድበት ሪቨርዴል የሚባለው ሰፊ ቁልቁለት ነው፣ ታቹ የስፖርት ሜዳ ስለሆነ ልጁ እየቀዘቀዘ ራሱ ይቆማል። አደጋ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ የድርቆሽ እስር ይደረድራሉ።

ጋሼ
ድርቆሽ ካልክማ እኛ ጭድ አለን። ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቆ ዛፉ ሥር ማስደገፍ ነው። ትንሽ ጭድ መቀመጫው ውስጥም ይግባ፣ ለቂጥ ይራራል።

የብሎክ 7 እናት
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለችውን ትንሿን መናፈሻ ለምን እንረሳለን? አግዳሚ ወንበሮቹ ካሉበት ወደ ታች ሳር ነው፣ ታች ሰፊ ሜዳ አለ፣ አጥሩ ሩቅ ነው። አንድ ግራር ብቻ ናት መሃል ላይ።

ቲቸር
አይቻታለሁ! ቁልቁለቷ ግን በቂ መሆኗን በዓይን አላምንም፣ እንለካ። ስልክ ላይ እንደ ግንበኛ ውሃ ልክ የሚሠራ መተግበሪያ አለ። 5 ሜትር ገመድ ከላይ መሬት ላይ ትይዛለህ፣ ሌላው ሰው ታች ሆኖ ውሃ ልኩን እያየ አግድም ይወጥረዋል፣ ከእጁ እስከ መሬት ትለካለህ። 1 ሜትር ተኩል ከሆነ 17 ዲግሪ ያህል ነው፣ ለእኛ በቂ። 2 ሜትር ከሆነ ወደ 22 ይጠጋል፣ ለትንንሾቹ ይበዛል። ከ3 ሜትር ከፍታ የሚወርድ ልጅ ምንም የሚይዘው ባይኖር ታች ሲደርስ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ያህል ይበር ነበር። ሳሩ ስለሚይዘው ከዚያ ብዙ ይቀንሳል፣ ግን እንኳን 28 ግማሹም ግንብ ላይ ቀልድ አይደለም።

ባለሱቁ
ካርቶን ከእኔ፣ የዘይትም የሳሙናም አለ። ማዳበሪያም እችላለሁ። ጀሪካን ሰንጥቀን እንቀመጥበት የሚል ካለ ግን ይተወው፣ ጠርዙ ይቆርጣል። ልጄ ኩሽኔታውን ይዤ ልምጣ ይላል።

ጸሐፊ
ኩሽኔታ ሳር ላይ አይሄድም። በመንገድ ለሰው እሁድ፣ መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ፣ አስፋልት ላይ ይንዳው፣ ይኼኛው በቂጥ ብቻ ነው።

ቀኑስ? እኔ ክረምቱን አልፈልግም፣ ጭቃ ነው። መስከረምም መሬቱ ገና ውሃ ያዘለ ነው።

ጋሼ
ኅዳር። ዝናቡ ቆሞ ሳሩ ገና አልደረቀም። እንደውም ኅዳር ሲታጠን ሁሉም መጥረጊያ ይዞ ይወጣል አይደል? በ12 ተዳፋቱን እናጽዳ፣ ጠርሙስ ስባሪና ድንጋይ እንልቀም። ግን ሳሩ ላይ እሳት የሚለኩስ እንዳይኖር፣ ቆሻሻው ከዚያ ወጥቶ ይሂድ። ሸርተቴው በቀጣዩ እሁድ ይሁን።

የብሎክ 7 እናት
የነቢያት ጾም በ15 ይገባል። ምግቡ ዳቦ፣ ቆሎና ሻይ ይሁን፣ ማንንም አያስቸግርም።

ጸሐፊ
እሺ ማመልከቻውን እንዲህ ጀመርኩት፦

"ጉዳዩ፦ የልጆች የሸርተቴ ጨዋታ ፈቃድ ስለመጠየቅ። ማኅበራችን በመናፈሻው ሳር ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል..."

ባለሱቁ
"ሸርተቴ" ሲያዩ አይስቁም? "የአካል ብቃት እንቅስቃሴ" በዪው።

ቲቸር
ይሳቁ። አካል ብቃት ብለን ገብተን 30 ልጅ በማዳበሪያ ሲወርድ ያየ ጥበቃ ፊሽካውን ይነፋል፣ "ያልተፈቀደ ተግባር" ይለናል። በስሙ እንጥራው። ይልቅ ስለ ሳሩ ጻፊ፣ እነሱን የሚያሳስባቸው እሱ ነው። አንድ መስመር ብቻ እንጠቀማለን፣ ሲላጭ ወደ ጎን እንዛወራለን፣ ስንጨርስ ውሃ እናጠጣለን ብለሽ አስገቢ።

የብሎክ 7 እናት
ደንቡም ይግባ። ተቀምጦ እግር ወደፊት፣ በሆዱ ተኝቶ በጭንቅላት መውረድ የለም። አንዱ ከታች ተነስቶ በጎን ሳይወጣ ሌላው አይለቀቅም። ታች ሁለት ወላጅ፣ ላይ አንድ። የብስክሌት ሄልሜት ያለው ያምጣ፣ ይዋሳሉ። ግራሯም በጭድ ትሸፈን።

ጸሐፊ
ሁሉንም አስገብቻለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ቢሮ ያስገባነው ደብዳቤ ስድስት ወር ሙሉ "መዝገብ ቤት ነው" እየተባልን ቀርቷል፣ ስለዚህ አሁን ሁለት ኮፒ ይዤ ሄጄ አንዱ ላይ ማኅተም አስደርጌ እመለሳለሁ። ቲቸር፣ ልኬቱ ካልገባበት ግን ማመልከቻውን አላስገባም። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ግራሯ ሥር እንገናኝ። ገመድ ያለው?

ጋሼ
የልብስ ማስጫ ገመዴን ፈትቼ አመጣለሁ። እስከ አምስት ሰዓት ግን ይመለስልኝ፣ ቅዳሜ ባለቤቴ የምታጥብበት ቀን ነው።