የመኪናዬ መስታወት ከውስጥ በረዶ እየሠራ ተቸገርኩ

ሰላም ወገኖቼ። ሚኒያፖሊስ ነው ያለሁት፤ ሰሞኑን ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ደርሷል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለሥራ እወጣለሁ። የውጩን በረዶ በመፋቂያ አነሳዋለሁ። የጨነቀኝ የውስጡ ነው። የፊት መስታወቱ ከውስጥ በኩል ስስ በረዶ ይለብሳል። በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ዱቄት ዳሽቦርዱ ላይ ይረግፋል። ማሞቂያውን ወደ መስታወቱ አዙሬ፣ አየሩ ከውጭ እንዲገባ አድርጌ ሞከርኩ። ይጠራል፤ ትንሽ እንደነዳሁ ግን መልሶ ይጋረዳል። ትናንት ቀይ መብራቱን ያየሁት ለጥቂት ነው፤ ልጄ ከኋላ ነበረች። ፍል ውሃ እንዳልደፋበት መስታወቱ ይሰነጠቃል።

አንድ ነገር ግን አለ። በተሳፋሪው በኩል ምንጣፉ ሁሌ እርጥብ ነው። ከጫማ የቀለጠ በረዶ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ጣፋጭ ነገር ይሸተኛል። የማሞቂያው ራዲያተር፣ ማለትም ጣፋጭ የሚሸተው የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚያልፍበት ክፍል፣ እያፈሰሰ ይሆን? የደረሰበት ካለ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ነገም እነዳለሁ።