አማሪሊሴ ብልቃጥ ውስጥ እየበሰበሰብኝ ነው፣ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ሱሉልታ ትንሽ የአበባ ችግኝ ጣቢያ አለችኝ። ነጭ ላይ ቀይ ሰረዝ ያለው ድቅል አማሪሊስ አለኝ። ዘሩ እናቱን አይመስልም፣ ድቅል ነዋ። ከጎኑ የሚያወጣቸው ልጆችም በዓመት አንድ ሁለት ናቸው። ስለዚህ በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ከተክሉ ቁራጭ ወስዶ ከጀርም በጸዳ ብልቃጥ ውስጥ በማሳደግ፣ ላባዛው ተነሳሁ። ላቦራቶሪዬ የድሮዋ ዕቃ ቤት ናት።

ኮረቱን (እንደ ሽንኩርት ራስ ያለውን ክፍሉን) ሰንጥቄ፣ ሁለት ሁለት ቅርፊት ሥር ከሚወጣበት መቀመጫው ጋር እቆርጣለሁ። 70 ፐርሰንት አልኮል አስነክቼ በረኪና ውስጥ 20 ደቂቃ አቆየዋለሁ። የማሳድግበት ምግብ ኤምኤስ ሚዲየም (የማዕድንና የቫይታሚን ድብልቅ) ነው፣ በሊትር 30 ግራም ስኳር፣ ፒኤች (የአሲድነት ልኩ) 5.8። በሳምንቱ ከመቀመጫው ሥር ወተት የመሰለ ነገር ይፈሳል። ጸጉራም ሻጋታ አይደለም፤ ባክቴሪያ ይመስለኛል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሚዲየሙን ከጀርም የማጸዳበትን ፕሬዠር ኩከር ነበር። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፤ በ15 ፒኤስአይ ግፊት እንኳ ጀርም ለመግደል የሚፈለገው 121 ዲግሪ አይደርስም። ጊዜውን 40 ደቂቃ አደረግኩት። ከዚያ ተክል ያላስገባሁባቸው ብልቃጦች ሁለት ሳምንት ጥርት ብለው ቆዩ። ጥፋቱ የኮረቱ ነው ማለት ነው። በረኪናውን ሳጠነክር ደግሞ ቅርፊቱ ነጥቶ ይሞታል። ከ24 ብልቃጥ የተረፈኝ 3 ነው። ባለቤቴ «ማርማላታ ነው የምትሠራው?» ትለኛለች።

የሠራችሁበት ካላችሁ፣ ኮረቱን ከመቁረጤ በፊት ሙቅ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ይረዳል? ስንት ዲግሪ፣ ለስንት ሰዓት? ወይስ አፈር ያልነካውን ለጋ የአበባ አገዳ ልሞክር? ሁለት ኮረት ብቻ ነው የቀረኝ፤ በግምት ልቆርጣቸው ፈራሁ።