የሜሪ አን ሻድ ኬሪ ዝግጅት፦ ለቤተ መጻሕፍቱ የምናስገባው ዕቅድ

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዋሽንግተን ላለው የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት የምናስገባው የጋራ ዕቅድ መነሻ ይኸው። ዝግጅቱ ስለ ሜሪ አን ሻድ ኬሪ ነው። መምህርት፣ ጋዜጠኛ፣ ኋላም የሕግ ምሩቅ ነበረች። በሰሜን አሜሪካ ጋዜጣ ያዘጋጀች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። የተወለደችው ደላዌር ውስጥ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1823 እ.ኤ.አ. ነው። ለዚያ የሚቀርበውን ቅዳሜ እንጠይቅ።

አንድ አባል፦
ሴትዮዋን አከብራለሁ። ግን አቅማችን ትንሽ ነው። ከራሳችን ሰው ለምን አንጀምርም? ልጆቻችን የእኛን ታሪክ እንኳ በቅጡ አያውቁም።

የቅዳሜ ትምህርት መምህርት፦
ጋሼ፣ ሐሳብዎ ይገባኛል። ግን የኖረችበት ቤት ዛሬም ደብሊው ስትሪት ላይ፣ ቁጥር 1421 ቆሟል። በ1976 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ሆኗል። እንጀራ ልንበላ ዩ ስትሪት ስንሄድ እዚያው አጠገብ ነን። ልጆቹ በደጇ እያለፉ አያውቋትም፤ ይሄ ያንገበግበኛል።

እንደ አስተማሪ ደግሞ ታሪኳ ልቤን ይነካዋል። በ1850 ያመለጡ ባሮችን አሳድዶ የሚመልስ ሕግ ወጣ። በማግስቱ ዓመት ካናዳ ተሻግራ ዊንዘር ውስጥ ለስደተኞች ትምህርት ቤት ከፈተች። ቀለም ሳትለይ ነበር የምትቀበለው። በ1853 የሚረዳት የሚሲዮን ማኅበር ድጋፉን ሲያቆም ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። እሷ ግን በዚያው ወር «ፕሮቪንሺያል ፍሪማን» የተባለውን ጋዜጣ አወጣች።

መጀመሪያ በአዘጋጅነት የታተመው የአንድ የታወቀ ወንድ፣ የሳሙኤል ሪንጎልድ ዋርድ ስም ነው። ሥራው የእሷ ነበር። «ኤም. ኤ. ሻድ» ብላ ስትፈርም አንባቢዎች ወንድ መስሏቸው «ሚስተር» እያሉ ይጽፉላት ነበር። በ1854 ሙሉ ስሟን ጋዜጣው ላይ አውጥታ ሴት መሆኗን አሳወቀች። ስለዚህ ልጆቹ ሁለት ገጽ ጋዜጣ ያዘጋጁ። እያንዳንዱ ልጅ ጽሑፉን በሙሉ ስሙ ያውጣ።

ያው አባል፦
እንዲህ ከሆነ እኔም አለሁበት። ንግግር ግን አታብዙ።

የቅዳሜ ትምህርት መምህርት፦
እሷም ገና በሃያዎቹ ዕድሜዋ ለባርነት ተቃዋሚው ለፍሬድሪክ ዳግላስ ጋዜጣ የጻፈችው ይህንኑ ነው፤ ወሬ ቀንሰን ሥራ እናብዛ ብላ።

ሌላ አባል፦
የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲውን ነገር እንዳትተዉት አደራ። ልጅ እያሳደግን ማታ የምንማር እናቶች ብዙ ነን። እሷም ባሏ በ1860 ሞቶባት ሁለት ልጆች ይዛ ቀርታለች። እዚሁ ከተማ ቀን እያስተማረች ሕግ ተማረች። በ1883 ስትመረቅ ዕድሜዋ ወደ 60 ተጠግቶ ነበር።

ፊላደልፊያም ትግባ። በ1855 የጥቁሮች ጉባኤ ላይ ሴት ትግባ አትግባ ተብሎ ብዙ ተከራከሩ። በድምፅ ብልጫ ገባች። መናገር ስትጀምር ግን የተሰጣት ጊዜ አልቆ እንኳ ጨምሩላት ተባለ። ይህን ልጆቹ በትንሽ ድራማ ቢያሳዩት ደስ ይላል።

ገንዘብ ያዥ፦
አዳራሹን በነፃ ከሰጡን ወጪያችን ፎቶ ኮፒ፣ ውሃና ዳቦ ብቻ ነው። እሷም ጋዜጣውን በእግሩ ያቆመችው ከከተማ ከተማ እየዞረች፣ ንግግር እያደረገች ደንበኛ በመመዝገብ ነው። እኛም የልጆቹን ጋዜጣ ለዩ ስትሪት ምግብ ቤቶች ቀድመን እናስተዋውቅ። አንድ ቅጂ በአንድ ዶላር ቢገዙን የሚቀጥለው እትም ወጪ ይወጣል።

ጸሐፊ፦
ተቀብያለሁ። ማመልከቻው ላይ የእግር ጉዞ፣ ድራማና የልጆች ጋዜጣ ብዬ አስገባለሁ። ንግግር አንድ ብቻ፣ 10 ደቂቃ። ቤቱ የግል መኖሪያ ስለሆነ እግረኛ መንገዱ ላይ ቆመን እናያለን እንጂ በር አናንኳኳም። ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሩልኝ። መንገድ የሚያሻግሩ አራት ወላጆች እፈልጋለሁ፤ ፈቃደኞች እስከ ዓርብ ማታ አሳውቁኝ።