በኅዳር መጨረሻ ጅማ ውስጥ በቦዬና በአዌቱ የሚታዩት ቢጫ ወፎች አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦
መጸው አልቆ በጋው ሊገባ ሲል በቦዬ ረግረግ ዳር፣ ከብት በሚግጥበት ሜዳ ላይ፣ ሆዷ ቢጫ የሆነች፣ ጅራቷን ላይና ታች የምታወዛውዝ ትንሽ ወፍ በብዛት አያለሁ። በክረምት አንዷም አልነበረችም። የምትመስላት ሌላ ወፍ ደግሞ ከተማ ውስጥ በአዌቱ ወንዝ ድንጋዮች ላይ ብቻዋን ትታያለች። ሁለቱ አንድ ናቸው? ከቦዬ ሌላስ በዚህ ወቅት የት ብሄድ ይሻላል?

የመጀመሪያ መልስ፦
ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ሁለቱም የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ናቸው። የቦዬዋ ጀርባዋ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ከብቶቹ ሲራመዱ ከሣሩ የሚነሡትን ነፍሳት ስለምትለቅም ከኮቴያቸው ሥር አትጠፋም። የአዌቱዋ ጀርባዋ ግራጫ፣ ጅራቷም ከሌላዋ በግልጽ የሚረዝም ሲሆን የምትወደው ድንጋያማ ወራጅ ውኃ ነው። በሆድ ቢጫነት ብቻ አይፍረዱ፤ አሁን የሴቶቹና የወጣቶቹ ቀለም የደበዘዘ ነው፣ የቦዬዎቹ ወንዶችም የሚደምቁት ለመመለስ ሲቃረቡ ነው።

ሁለተኛ መልስ፣ ከጅማ አጠገብ ካለው ከማና ወረዳ፦
ወፍ ለማየት ረግረግ ካልሆነ የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል። እኔ የምመክርዎ በሰሳና በዋንዛ ጥላ ሥር የበቀለ ቡና ነው፤ ከሰሜን የሚመጡት ነፍሳት በል ትንንሽ ወፎች በጋውን እዚያ ያሳልፋሉ። ከእነዚህ አንዱ ግራጫ ሆኖ ወንዱ አናቱ ላይ ጥቁር፣ ሴቷ ቡናማ ቆብ የደፋች ትመስላለች፤ ይህን ለመለየት የሚቸገር የለም። ሾላ ያፈራ እንደሆነም ነዋሪዎቹን ወፎች፣ በረራ ላይ ክንፏ ቀይ ሆኖ የሚበራውን ሶሪትን ጭምር፣ ሊያገኙ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ወቅቱ የለቀማ ነው፤ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ ማሳ ውስጥ አይግቡ። ቀይ ፍሬ በተንዠረገገበት ቡና መካከል ባይኖኩላር ያንጠለጠለ እንግዳ ማየት ማንንም ያስደነግጣል።

ሦስተኛ መልስ፦
በቡናው እስማማለሁ፤ ቦዬን ግን አይተዉት። ራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለው ጥቁሩ ረጅም ወፍ በጅማ ዙሪያ ረግረጎች ይገኛል፤ በዓለም ደረጃም ለመጥፋት ተጋላጭ ከሚባሉት ነው። ከሌሎች ዘመዶቹ በተለየ ዛፍ ላይ ስለሚያድር ጎሕ ሲቀድ በረግረጉ ዳር ያሉትን ረጃጅም ዛፎች ይመልከቱ። የሚፈለፍለው በዝናብ ወራት በመሆኑ በኅዳር ገና ያልጠነከረ ጫጩት ያስከተለ ጥንድ ሊያጋጥምዎ ይችላል። በዚያ ላይ ጨፌ የሚያጭደውና ለጡብ አፈር የሚቆፍረው ሰው ስላለ ወፎቹ መሸሻ የላቸውም፤ ስለዚህ ፎቶ ለማንሣት አይጠጓቸው፣ ቦታውንም እዚህ በዝርዝር አይጻፉ።