የንግግሩ ማማር ነው ወይስ የእኔ ክፉ ልብ?

እህተ ሚካኤል፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጽዋ ማኅበራችን በየወሩ በ12 በቅዱስ ሚካኤል ስም ይሰበሰባል። በቅርቡ የገባ አንድ ወንድም ባለፈው ጠላው እየተቀዳ ሳለ ተነሥቶ «ይህ ሁሉ ድግስ ለስንት የኔ ቢጤ ይበቃ ነበር!» ሲል ግማሹ ሰው አለቀሰ። ድግሱ ይቅር፣ መዋጮው ለድሆች ይሁን፣ ለጊዜው ደግሞ «ሥራውን ለማቅለል» በእርሱ የባንክ ሒሳብ ይግባ አለ። የማኅበሩ መሪ ሙሴያችን ሳይቀሩ እሺ አሉ። እኔን የከነከነኝ ያ የመጨረሻው ነገር ነው። እስከዚያ ድረስ ረጋ ብሎ ሲናገር ቆይቶ ሒሳቡ ላይ ሲደርስ ፈጠን አለ፤ ወዲያውም «እንጸልይ» አለን። በጸሎት መካከል ማን እጁን ያወጣል? ለባለቤቴ ብነግረው «አትፍረዱ ተብሏል» አለኝ። መጠርጠሬ ኃጢአት ነው?

የቆሎ ተማሪ፦
እህቴ፣ ዮሐንስ ምዕራፍ 12ን አንብቢ። ቢታንያ ላይ አንዲት ሴት ጌታን የቀባችበት፣ 300 ዲናር የሚያወጣው ሽቱ ተሽጦ ለድሆች ይሰጥ ያለው ይሁዳ ከረጢት ያዥ ነበር፤ ወንጌላዊውም ሌባ እንደ ነበረ ሳይሸፋፍን ጽፎታል። አሁን ደግሞ ማቴዎስ 26ን አጠገቡ አድርጊ። እዚያ የተቆጡት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው። እኔ እንደሚገባኝ እነዚያ ለድሆች ከልባቸው አዝነው ያንኑ ቃል ተናገሩ፤ ከረጢቱ ግን በእነርሱ እጅ አልነበረም። ስለዚህ ያለቀሱትን ጓደኞችሽን ሞኞች አትበያቸው። ጌታም በዚያ ማዕድ ይሁዳን አላጋለጠውም፤ ሴቲቱን እንዲተዋት ነው ያዘዘው። የሰውየውን ልብ መበርበር የአንቺ ድርሻ አይደለም። ከረጢቱ በማን እጅ እንደሚሆን መጠየቅ ግን ድርሻሽ ነው።

ከሜሪላንድ፦
በሰበካ ጉባኤ ሒሳብ ያዥ ሆኜ አገልግያለሁና ልጨምር። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተዋጣውን ገንዘብ በተመለከተ ቲቶንና አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም ልኳል፤ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ ምክንያቱን በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ አስፍሮታል። ሐዋርያው እንዲህ ከተጠነቀቀ የእናንተ ወንድም ምን ይከፋዋል? ሒሳቡ በማኅበሩ ስም ሆኖ ሁለት ፈራሚ ይኑረው ብለሽ አቅርቢ። ቅን ሰው «ሸክም አቀለላችሁልኝ» ይላል።

ሽማግሌው፦
ሰውየው ገና አንድ ብር ሳይነካ ይሁዳ አደረጋችሁት! አንደበተ ርቱዕ መሆን ወንጀል ነው እንዴ? የእስክንድርያው አጵሎስም ንግግር አዋቂ ነበር፤ ጵርስቅላና አቂላ ግን ለብቻው ወስደው አስተማሩት እንጂ በአደባባይ አላሳጡትም። መጀመሪያ ለብቻው ጠይቂው። ደግሞስ ድግሱ በዝቷል ማለቱ ሐሰት ነው? በእኛ ማኅበር ሦስት ዓይነት ወጥ ያላቀረበች ሴት ስትታማ ትከርማለች።

እህተ ሚካኤል፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ፣ ወጡን በተመለከተ እውነትዎን ነው፤ ባለፈው ተራዬ ሲደርስ ተበድሬ ነው የደገስሁት። እንዳሉኝም ትናንት ስልክ ደወልሁለት። አልተቆጣም። በጣም ትሑት ሆኖ «ሁለት ፈራሚ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ጉዳዩ እስኪያልቅ ስንት ጊዜ ይፈጃል፣ የራበው ሰው ደግሞ አይጠብቅም» አለኝ። አያችሁ፣ ይህም ልክ ነው! መልስ አጥቼ ስልኩን ዘጋሁ።

ሽማግሌው፦
እንዲህ ካለ እኔንም ትንሽ አጠራጠረኝ።

ከሜሪላንድ፦
የራበው የማይጠብቅ ከሆነ የባንክ ሒሳብ ለምን አስፈለገ? በ12 የተዋጣው እዚያው በሁሉም ፊት ይቆጠር፣ ሁለት ሰው ይመረጥና በማግስቱ ወስደው ለነዳያኑ በእጃቸው ይስጡ። አንዱ ተመራጭ እርሱ ይሁን፣ ሌላዋ አንቺ። በዚህ ላይ የሚያነሣውን ምክንያት ጻፊልን።