የይግባኝ ሰነድ በኦንላይን አልገባ አለ፣ ቀኑ ነገ ያልቃል!!

ሰንጋ ተራ_09፦
ወገኖች ድረሱልኝ። ይግባኙን ስጭን 90 ላይ ይደርስና ወደ ዜሮ ይመለሳል። የልደታ ኔት ነው መሰለኝ። ባለፈው የላክነውን ማመልከቻ ደግሞ "ፊደሉ አይነበብም" ብለው መልሰውታል። የይግባኝ ማቅረቢያው 60 ቀን ነገ ይሞላል!

ማኅተም፦
ኮምፕረስ አድርጊው።

የሥር ፍርድ ቤት፦
60 ቀን የተሰጠው በ59ኛው ለመሯሯጥ አይደለም። የጊዜ ገደቡን የያዘው ቁጥር 323 የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በ1958 ከወጣ ጀምሮ አለ። ካለፈሽ በ325 ማስፈቀድ ነው፤ የጠበቃ ጉድለት ደግሞ በቂ ምክንያት አይባልም። "ኔት እንቢ አለኝ" ብለሽ እንዳትጽፊ።

ካዛንቺስ፦
ኔት አይደለም። ስንት ገጽ? ስንት ሜጋ? ስካኑ በምን?

ሰንጋ ተራ_09፦
74 ገጽ፣ 212 ሜጋ። በከለር 600 ዲፒአይ (የስካን ጥራቱ)። ማመልከቻውንም አትመን ፈርመን ስካን አድርገነዋል።

ጉዳይ ገዳይ፦
ፍርድ ቤቱ አፍንጫሽ ሥር ሆኖ በኦንላይን? ደረጃውን ብትወጪ አይቀልም? ጠዋት ሬጅስትራር ክፍል በወረቀት አስገቢ።

ካዛንቺስ፦
ወረቀቱን ለመጠባበቂያ ያዢ፣ ፋይሉ ግን ይስተካከላል። አንድ ኤ4 ገጽ በ600 ከለር ሳይጨመቅ 100 ሜጋ ያልፋል፤ በ300 ጥቁርና ነጭ 1 ሜጋ አካባቢ ነው። ስለዚህ ማስረጃዎቹን በ300 ጥቁርና ነጭ ድገሚ። ማኅተም ያለባቸውን ገጾች ብቻ በግሬይ፤ ጥቁርና ነጩ የደበዘዘ ሐምራዊ ማኅተም ይበላል፣ የውሳኔው ግልባጭ ያለ ማኅተም ሲታይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።
ማመልከቻውን ስካን አታድርጊ። ከዎርድ ቀጥታ ፒዲኤፍ አድርጊው፣ የፊርማውን ገጽ ብቻ አትመሽ ፈርመሽ ስካን አድርገሽ ተኪበት። ባለፈው ዎርዱን ነው የላካችሁት፣ አይደል? በድሮው ፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፊደል በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ዝባዝንኬ ያሳያል። ፎንቱን ወደ ኒያላ መቀየርም አያድንም፣ ያው ዝባዝንኬ ነው፤ በመቀየሪያ ፕሮግራም ሁሉም ኮምፒውተር ወደሚያውቀው ዩኒኮድ መዞር አለበት። ለዛሬ ግን ፎንቱ ካለበት ማሽን ላይ ፒዲኤፍ ማድረግ ይበቃል።

ማኅተም፦
እኔም እኮ ኮምፕረስ ነው ያልኩት።

ካዛንቺስ፦
የ600ውን ብትጨምቀው ፊደሉ ይቦጫጨቃል። ስካኑ ይደገም።

ሌሊት ተረኛ፦
የኮምፒውተሩ 23:59 የእኛ ሌሊት 5:59 ነው። "እስከ ሌሊት 11:59" ብለሽ ተረጋግተሽ ራት እንዳትበዪ፤ የፈረንጅ ሰዓት ከሆነ ከኛ ስድስት ሰዓት ይለያል 😂
ደግሞ ፋይሉ ተጫነ ማለት መዝገብ ተከፈተ ማለት አይደለም። የዳኝነት ክፍያው ተከፍሎ የመዝገብ ቁጥር እስኪመጣ ገጹን አትዝጊ። የተጫነበት ሰዓት የሚታይበትን ስክሪንም አንሺው።

የሥር ፍርድ ቤት፦
ሰነድ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈግም፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ 1205/2012። ግን በሰዓቱ ማስገባትሽን ማስረዳቱ ያንቺ ነው።

ጉዳይ ገዳይ፦
ፒዲኤፎቹን የት ላጣምር ለምትሉ፣ ነጻ ድረ ገጽ ላይ አትጫኑ፤ የደንበኛ ሰነድ ነው፣ ማን እንደሚያስቀረው አይታወቅም። ፒዲኤፍሳም የሚባለው ማጣመሪያ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ማኅተም፦
እሱ ኮምፕረስም ያደርጋል?