ሠራተኞቼ የሰው ሠራሽ አስተውሎትን ሥራ ለመቆጣጠር መብቃታቸውን በምን ልመዝን?

ጠያቂ (ሐዋሳ)
ጤና ይስጥልኝ። በሐዋሳ በሚገኝ አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም የብድር ክፍሉን እመራለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ማመልከቻዎችን ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንብቦ ያጠቃልልልናል፤ «ይፈቀድ» ወይም «አይፈቀድ» የሚል ሐሳብም ያቀርባል፤ ውሳኔው ግን የባለሙያው ነው። ባለሙያዎቻችን ሠልጥነው የጽሑፍ ፈተናውን ሁሉም አልፈዋል። ሆኖም መዝገቦችን ስመረምር፣ መሣሪያው በ2009 ዓ.ም. የወጣን የንግድ ፈቃድ በአውሮፓውያን 2009 እንደወጣ ቆጥሮ የደንበኛውን የሥራ ዘመን ሰባት ዓመት ያህል ሲያስረዝመው፣ ሁለት ባለሙያዎች ሳያስተውሉ ፈርመውበት አገኘሁ። ነገሩ አስጨንቆኛል። ብቃታቸውን በምን ልለካው?

መላሽ 1
የጽሑፍ ፈተና ስለ መሣሪያው ማወቃቸውን እንጂ ስሕተቱን በሥራ መሐል መያዛቸውን አያሳይም። በአየር ማረፊያ የሻንጣ ፍተሻ ላይ፣ ፈታሹ ንቁ መሆኑ እንዲታወቅ በራጅ ማሳያው ላይ የጦር መሣሪያ ምስል አልፎ አልፎ በሶፍትዌር ይጨመራል። እርስዎም ስሕተታቸውን አስቀድመው የሚያውቋቸውን ፋይሎች ከዕለቱ ሥራ ጋር ይቀላቅሉ፤ የዘመን አቆጣጠር መምታታት፣ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ መጠሪያ ተወስዶ የማይዛመዱ ሰዎች መዛመዳቸው፣ የሌለ ሰነድ መጠቀሱ ይካተቱባቸው። ፈተናው እንደሚኖር ለሠራተኞቹ ይንገሯቸው፤ ቀኑን ግን አይግለጹ። የተያዘውን ስሕተት ብቻ ሳይሆን በከንቱ የተመለሰውን ትክክለኛ ፋይልም ይቁጠሩ፤ ሁሉንም የሚጠራጠር ሰው ሁሉንም ከሚያምን ሰው የተሻለ ተቆጣጣሪ አይደለም።

መላሽ 2
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጉድለቱን በሙሉ በሠራተኛው ላይ መጣል ተገቢ አይመስለኝም። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ፣ ከፍተኛ ሥጋት ያለባቸውን መሣሪያዎች የሚቆጣጠር ሰው በማሽኑ ውጤት ከልክ በላይ የመተማመን ዝንባሌን እንዲገነዘብ፣ ውጤቱንም መሻርና መሣሪያውን ማስቆም እንዲችል ይጠይቃል። ሕጉ እኛን ባያስገድደንም ጥያቄው ይጠቅመናል። አንድ ባለሙያ ለአንድ ፋይል ስንት ደቂቃ አለው? «አይፈቀድ» የተባለውን ቢሽር ማብራሪያ ይጠየቃል፤ ተቀብሎ ቢፈርምስ የሚጠይቀው አለ?

ጠያቂ
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻው ጥያቄ እውነቱን ነግሮኛል፤ በእኛ ዘንድ ማብራሪያ የሚጽፈው የሻረ ብቻ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ባለሙያው የማሽኑን ሐሳብ ከማየቱ በፊት የራሱን ውሳኔ በአንድ መስመር እንዲጽፍ አደርጋለሁ፤ የተቀላቀሉትን ፋይሎች ደግሞ ብድር እንዳይለቀቅባቸው ራሴ እይዛቸዋለሁ።